ሆድ የሌለው ፍሪጅ

ታላላቅ ሐሳቦች የሚወለዱት በታላላቅ አዳራሾች ነው ይባላል። ውሸት ነው። የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ካሰበው ሁሉ የሚልቀው ሐሳብ የተወለደው ኩዌት፣ ጅሊብ አል ሹዩኽ ውስጥ፣ ሊፍቱ ከቆመ ሦስት ረመዳን ባለፈው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ተደራራቢ አልጋ በታጨቀበት ክፍል ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር። ምሳ ተበልቷል፣ ኤሲው ያንኮራፋል። «የቀጨሞ ቀበሌ ሕፃናት ጤናና የቅድመ መደበኛ ትምህርት አሻሻይ፣ የኩዌትና የአካባቢዋ ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል» በሰባት አባላት ተመሠረተ። ከሰባቱ ስድስቱ ሰብሳቢ ሆኑ። የዓርማ ሰብሳቢ አለ፣ የባነር ሰብሳቢ አለ፣ የፎቶ፣ የመዝሙርና የፕሮቶኮል ሰብሳቢ አለ። የሰብሳቢዎቹ ሁሉ ሰብሳቢ ደግሞ ጋሽ ለሚን ነው።

ለሚን በሹፌርነት አሥራ አንድ ዓመት ኩዌትን ያሽከረከረ ሰው ነው። መኪናውን አላልኩም፤ ኩዌትን ነው ያልኩት። እሱ ራሱ የሚለው እንደዚያ ነው። ሲያስነጥስ እንኳ ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ የሚል፣ ለልማት የተፈጠረ ፍጡር ነው።

ሰባተኛዋ ሐሲና ናት። ፋሐሂል አንድ ሳሎን ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። የሁለት ዓመት ልጇ ፍቅር ከአያቷ ጋር ቀጨሞ ቀበሌ ስለምትኖር፣ ሐሲና ምንም ኮሚቴ እንዳይሰጣት በአንድ ድምፅ ተወሰነ። በሕፃናት ጉዳይ ላይ ሕፃን ያለው ሰው ሰብሳቢ ከሆነ የጥቅም ግጭት ይፈጠራል። ለሚን ይህን ሲያስረዳት ድምፁ በጣም የለሰለሰ ነበር።

በዚያው ሳምንት ከቀጨሞ የድምፅ መልእክት መጣ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሸዋዬ ናት።

«ጋሼ ለሚን፣ የክትባት ፍሪጃችን ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ማስቀመጫ የለሽም ብሎ ወረዳው ክትባት አይሰጠኝም። ኩፍኝ ጎረቤት ቀበሌ ገብቷል። የሐሲና ልጅም ሁለተኛውን ሳትከተብ አልፏታል። ለሕፃናቱ ክፍል ሰሌዳ የለንም፤ እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ፍሪጅ! የክትባት ፍሪጅ!»

ለሚን ዓይኑን ጨፍኖ ሦስት ጊዜ አዳመጠው።

«መልእክቱ ግልጽ አይደለም» አለ።

ስለዚህ አምስት ዓርብ ሙሉ በዓርማው ላይ ተመከረ። ጭቅጭቁ በዓርማው ላይ ያለው ሕፃን ይሳቅ ወይስ ያልቅስ የሚል ነው። የዓርማ ሰብሳቢው አወል፣ የሕንፃ ጥበቃ የሆነው፣ ነገሩን እስከ ሥሩ መረመረው። «ከሳቀ ችግር የለበትም ይሉናል። ካለቀሰ ደግሞ ታዲያ እናንተ ምን ሠራችሁ ይሉናል።» በአምስተኛው ዓርብ ሕፃኑ ጀርባውን እንዲሰጥ ተወሰነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እነሱ ምንም አላፈሰሱም።

በስድስተኛው ዓርብ ሐሲና ትዕግሥቷ አለቀ።

«ጋሼ ለሚን፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ማዳምህን ጠይቃት። ወንድሟ የአሮጌ ፍሪጅ መጋዘን አለው ብለህ አልነበር?»

«እጠይቃታለሁ። ያውም በዓረብኛ።»

«ክትባት በዓረብኛ ተጥዒም ነው። ሳሎን የሚመጡት እናቶች ሲያወሩ እሰማለሁ።»

ለሚን በአዘኔታ ተመለከታትና ወደ አወል ዞረ። «ተጥዒም፣ መጥዐም፣ ያው ነው። መጥዐም ምንድን ነው?»

«ምግብ ቤት» አለ አወል።

«ሰማችሁ? ልጅቷ ለሕፃናቱ ሬስቶራንት ልታስከፍተን ነው! ስሚ ሐሲናዬ፣ እኔ ዓረብኛ አልናገርም። ዓረብኛ ነው እኔን የሚናገረኝ። ክትባት ራሱ ዓረብኛ ነው። ከተበ፣ ይከትባል፣ ክትባት! ተውሰን ያልመለስነው ቃል ነው።»

ክፍሉ በእውቀቱ ተደመመ። በዓረቦቹ ዘንድ ኪታባት ማለት ጽሕፈት መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። ትንሽ ነገር ናት፤ ታላቅ ሰው በትንሽ ነገር አይያዝም።

እሑድ ጠዋት ማዳምን ወደ ሻርቅ፣ ወደ ቢሮዋ ሲወስዳት ለሚን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማዳም፣» አለ በመስታወቱ እያያት፣ «በለድ ማል አና፣ አጥፋል መስኪን። ሰላጃ ማል ክትባት ማፊ።»

በእሱ ዓረብኛ፣ በሀገሬ ያሉ ምስኪን ሕፃናት የክትባት ፍሪጅ የላቸውም ማለቱ ነው። ማዳም የሰማችው ግን የመጻፊያ ፍሪጅ የላቸውም ሲል ነው።

«የመጻፊያ ፍሪጅ?» አለች ስልኳን ዝቅ አድርጋ። «ሕፃናቱ ፍሪጅ ላይ ነው የሚጽፉት?»

ከዚህ ሁሉ ለለሚን የገባው ሕፃናት የሚለው ብቻ ነበር። ይበቃዋል። «ኤይ ማዳም! ኩሉ ዮም!» አለ። አዎ፣ በየቀኑ ማለት ነው።

«ያ ሐራም!» አለች። ምስኪኖች ማለቷ ነው።

የማዳም ዓይን እንባ አቀረረ። ሰሌዳ አጥተው በፍሪጅ በር ላይ ፊደል የሚለማመዱ ሕፃናት ታዩዋት። የእሷ ልጆች የወጥ ቤቱን ፍሪጅ በቀለም ሲሞነጫጭሩ ስንቴ ጮኻባቸዋለች! ልቧ ተነካ። «ባብ በስ?» ብላ ጠየቀች። በሩ ብቻ ይበቃቸዋል ወይ ማለቷ ነው።

ባብ በር መሆኑን ለሚን አሳምሮ ያውቃል። ማዳም የዕድል በር ልትከፍትለት እንደሆነ ገባው። መሪውን ለቅቆ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ባብ በስ፣ ማዳም! ባብ በስ!»

ዓርብ ሲደርስ ለግብረ ኃይሉ እንዲህ ሲል ሪፖርት አቀረበ፤ «ማዳም በሩን ከፍታልናለች!» ጭብጨባው ምድር ቤት ያለው ሱቅ፣ ባቃላው ድረስ ተሰማ።

ስጦታው ከማዳም ወንድም መጋዘን በካርቶንና በላስቲክ ተጠቅልሎ በፒክአፕ ጅሊብ መጣ። ሐሲና ከፋሐሂል አውቶቡስ ወርዳ እየሮጠች ደረሰች። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ዞራ ከጎን አየቻቸው።

«አሥራ ሁለት ናቸው። የጠየቅነው አንድ ነው።»

«ማዳም እጇ ሰፊ ነው።»

«ጋሼ ለሚን፣ ፍሪጅ እንዲህ ጠፍጣፋ ነው እንዴ?»

«ዘመናዊ ነዋ! ቴሌቪዥንም ድሮ ሆድ ነበረው።»

አወል አንገቱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ የድሮ ቴሌቪዥን ሆድ ነበረው። ሐሲና የላስቲኩን ጫፍ ይዛ መቅደድ ስትጀምር የፕሮቶኮል ሰብሳቢው እጇን ያዘ። ስጦታ የሚፈታው በክብር እንግዳ ነው። ለወረዳውም «የአሥራ ሁለት ዘመናዊ የክትባት ፍሪጆች የምርቃት ሥነ ሥርዓት» የሚል የጥሪ ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ሄዷል። ማኅተሙ ላይ ሕፃኑ ጀርባውን ሰጥቷል።

ዕቃው ባሕር ላይ በቆየባቸው ሳምንታት ግብረ ኃይሉ የምርቃት መዝሙር ተለማመደ። ሐሲና የደንበኛ ፀጉር እያደረቀች እናቷ ዘንድ ትደውላለች።

«ሰውነቷን ንኪያት እስቲ። አተኩሷታል?»

«አላተኮሳትም ልጄ። ኩፍኙ ግን ወንዙን ተሻግሯል አሉ።»

የምርቃቱ ቀን ዓርብ ነበር። ጅሊብ ያለው ክፍል በለሚን ስልክ ዙሪያ ታጨቀ። ከቀጨሞ ሸዋዬ በምስል ታሳያለች። የወረዳው ኃላፊ በመኪና መጥተዋል፤ ባዶ ፍሪጅ አጠገብ ቆሞ ፎቶ መነሣት ስለማያምር በበረዶ ሳጥን ሙሉ ክትባት አስጭነዋል። ዓመት ሙሉ ለሸዋዬ የተከለከለው ክትባት፣ ለፎቶው ሲባል፣ እንደ ሙሽራ ታጅቦ መጣ።

ለሚን ከጅሊብ በስልክ ንግግር አደረገ። «ዛሬ ቀጨሞ በታሪክ ፊት ትቀዘቅዛለች!» አለ። ከዚያ ላስቲኩ ተቀደደ።

«በር ነው» አለች ሸዋዬ።

«ቀጥሎ ያለውን ፍቱት» አለ ለሚን።

«እሱም በር ነው።»

«አዙሩት፤ ፍሪጁ ከበሩ ጀርባ ይሆናል።»

አዞሩት። ከበሩ ጀርባ የእንቁላል ማስቀመጫ ነበር። አሥራ ሁለቱም እንደዚያው።

ኃላፊው ቆባቸውን አወለቁ። «ክትባቱ ወደ ወረዳ ይመለስ» አሉ። ሹፌሩ ሳጥኑን ከፍቶ አየና፣ «ጌታዬ፣ በረዶው ውኃ ሆኗል። መንገድ ላይ ይበላሻል» አለ። የተበላሸ ክትባት የሚያስጠይቀው ፈራሚውን ነው። ፈራሚው እሳቸው ናቸው።

«ምን ይሻላል ሸዋዬ? የት እናስቀምጠው?»

«ያለን ማስቀመጫ የልጆቹ ክንድ ብቻ ነው» አለች ሸዋዬ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «አሰልፉልኝ!»

ለምርቃት ማጨብጨቢያ የመጡት ሕፃናት በሙሉ ተሰለፉ። ቀጨሞ በልቅሶ ተናወጠች። ጅሊብ ውስጥ ሐሲና ስልኩን ከለሚን እጅ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የልጇን ለየችው።

«እሷ ናት! ወጓት! አልሐምዱሊላህ፣ ወጓት!» እያለች አልጋው ላይ ተዘርግታ አለቀሰች።

በሮቹም አልተጣሉም። የሕፃናቱ መምህር ክፍሉ ውስጥ ደርድሮ አቆማቸው። ሕፃናቱ በከሰል ይጽፉባቸዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ያጠፋሉ፣ በእንቁላል ማስቀመጫው ቀዳዳ ቁጥር ይቆጥራሉ። የማዳም ዕንባ ከግብረ ኃይሉ ዓረብኛ በላይ ሠርቷል።

በቀጣዩ ዓርብ ለሚን ቃለ ጉባኤ አስያዘ። «ግብረ ኃይላችን ፍሪጅ ባለመላክ አንድ መቶ ዐሥር ሕፃናትን አስከትቧል። ፍሪጅ ቢኖር ኖሮ ክትባቱ ይቆለፍበት፣ ቁልፉም ከኃላፊው ጋር ሥልጠና ይሄድ ነበር።» የሚያናድደው ነገሩ እውነት መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ከሸዋዬ መልእክት ገባ። «እግዜር ይስጥልን። ግን በየወሩ ለክትባት የሚደርሱ ሕፃናት አሉ። ወረዳው ደግሞ ያለ ምርቃት መኪና አያንቀሳቅስም።»

ሐሲና ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች።

«አጀንዳ አለኝ። ጻፍ አወል። በሚቀጥለው ወር የፍሪጁ እግር ምርቃት።»

«እግሩ ተገኘ እንዴ?»

«አልተገኘም። ጻፍ። በቀጣዩ ወር እጀታው ይመረቃል። ከዚያ መብራቱ። ከዚያ የበረዶ ቤቱ። ለወረዳው በየወሩ ጥሪ ይላክ፤ ለፎቶ ክትባት ይዘው እንዲመጡ ደግሞ በወፍራሙ ይጻፍ።»

ለሚን ተነሥቶ ግንባሯን ሳማት። «ሐሲናዬ! አሁን ልማት ገባሽ!»

በአንድ ድምፅ ጸደቀ። አወል ብቻ እስክሪብቶውን እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«ፍሪጁ ራሱስ መቼ ነው የሚመረቀው?»

ለሚን እንደ ሕፃን ልጅ አየው።

«አንተ ሰው፣ ፍሪጁ ከመጣ እኛ ምን ልንሠራ ነው?»