ኮሪያ፣ ቬትናም እና የአክስቴ ዳጣ

በርበሬ አልችልም። ይህን ከመናገር መጻፍ ይቀለኛል። ሆሳዕና ተወልዶ፣ ቆጮ በዳጣ እየበላ አድጎ የሚያቃጥል ነገር የማይችል ሰው አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? አለ። እኔ ነኝ።

ችዬው እኖር ነበር። ግን በአንድ ሳምንት ሁለት የትምህርት ዕድል መጣልኝ፤ አንዱ ኮሪያ፣ አንዱ ቬትናም። እስከ ዓርብ አንዱን ምረጥ ተባልኩ። ሌላው ሰው ስለ ዩኒቨርሲቲው ይጠይቃል። እኔ ስለ ወጡ ጠየቅሁ። ሁለት ዓመት በባዶ ሆድ ይማራል እንዴ?

ጓደኛዬ ታምራት ኮሪያ ተምሮ መጥቶ ሺንሺቾ ከተማ ያስተምራል። የሥራ ባልደረባዬ ማርታ ቬትናም ለሥልጠና ቆይታ ነበር። እሑድ ሁለቱም ያሳደገችኝ አክስቴ ቤት መጥተው እንዲያበስሉልኝ ለመንኳቸው። ደብተሬ ላይ ከዜሮ እስከ አምስት መለኪያ አሰመርኩ። ዜሮ ወተት ነው፤ አምስት የአክስቴ ዳጣ።

ታምራት ከኮሪያ ያመጣውን ቀይ ድልህ ፓስታ ላይ ለወሰው። መጀመሪያ ይጣፍጣል። ሁለት ልጽፍ ስል ቃጠሎው ከኋላ ደረሰ። ግንባሬን አላበኝ።

«አንተ! ይኼ እኮ የሕፃናቱ ነው» አለኝ።

አራት ጻፍኩ። ክፋቱ ቃጠሎው አብሮ ተሠርቷል፤ ለይተህ አታወጣውም።

ማርታ የዶሮ መረቅ በሩዝ ፓስታ አቀረበች። ሎሚው፣ ቅጠሉ፣ የተከተፈው ቃሪያ ለብቻው በሳህን። እዚያ ሰው እንደየአቅሙ ይጨምራል አለችኝ። አልጨመርኩም። ዜሮ። ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ ቀመስኩ፤ ዜሮ። መሃል አገሩ ላይ ግን የሚያቃጥል ምግብ የሚወዱ አሉ ብላ ጨመረች። እሱን በኅዳጉ ጻፍኩት።

ይኼኔ አክስቴ ሳህኔን አየች።

«ልጄ ባዶውን ይበላል እንዴ? በእኔ ቤት?» ብላ ቃሪያውን ጠቅላላ መረቄ ውስጥ ገለበጠችው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዳጣ ስበላ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። እሷ ደስታ ይመስላታል። አንድ ቀንም አላረምኳትም፤ አቃጠለኝ ማለት እጇን መናቅ መሰለኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝንብስ አልገባም።

ጨረስኩት። ማርታ ደብተሬን እያየች «አሁንስ ቬትናም ስንት ነው?» አለችኝ። መለኪያዬ አምስት ላይ ያልቃል።

ሌሊቱን ሳይሆን ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩ። በመጨረሻ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ለካ ዋናው ነገር አገሩ አይደለም፤ አጠገብህ ማን እንደተቀመጠ ነው። ቃሪያ ለብቻው የሚቀርብበት፣ አክስቴም የሌለችበት አገር! ሐሙስ ቬትናም ብዬ መለስኩ።

የጉዞዬ ዕለት ጠዋት አክስቴ አንድ ጣሳ ዳጣ ይዛ መጣች። ማርታ ስለ ቃሪያው የነገረችንን ሰምታ ስታስብ ከርማለች። ለብቻው እያቀረቡ ልጄን ሊያስርቡብኝ ነው ብላለች። ቅመሰው እስቲ ብላ በቆጮ አጎረሰችኝ። እንባዬ ዱብ አለ። እሷም አለቀሰች።

«አይዞህ ልጄ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት?»

አሁን ልንገራት ብዬ ቆረጥኩ። የስንት ዓመት እውነቴን ላወጣ አፌን ከፈትኩ።

ጉርሻ ደገመችኝ።