እትዬ ደወል ዝም ያሉ ጊዜ

ሰባኪ ያጣ ቤተ ክርስቲያን ይኖራል፤ ጣሪያው የሚያፈስም ሞልቷል። ሥራ የፈታ እጅ ሲያዩ የሚያማቸው አንዲት ሴት የሌሉበት ቤተ ክርስቲያን ግን እስካሁን አልተሠራም። እናንተም ጋ አሉ። ስማቸው ይለያይ እንጂ አካሄዳቸው አንድ ነው፤ ፈገግ ብለው ይመጣሉ፣ ክንድ ይይዛሉ፣ ደኅንነትህን ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜህ ያንተ አይደለም።

የዚህኛው ጉባኤ ክብርት እመቤት «እትዬ ደወል» ይባላሉ። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው ባይታወቅም ሁሉም ተስማምቶበታል። የሚተዳደሩት የተማሪ ዩኒፎርም በመስፋት ነው። አጠር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ስብከቱ አልቆ «አሜን» ሲባል፣ ሌላው ሰው ዓይኑን ሳይገልጥ እሳቸው በሩ ላይ ደርሰዋል።

«አንተ ልጅ፣ እጅህ ደኅና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው።»

አለቀ። ደኅና ለሆነ እጅ ሥራ አይጠፋለትም። «ትንሽ ነገር ናት» ብለው ይጀምራሉ። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ የታመመ ጎረቤት ለአፍታ ጠይቆ ሊመለስ ሄዶ፣ ዓመቱን ሙሉ የበሽተኛውን መንታ ልጆች ማካፈልና ማባዛት ሲያስተምር ከርሟል። አንዱ ሾፌር አንዲት አሮጊት መንገድ ላይ ጣል ሊያደርግ ተስማምቶ፣ አሮጊቷን፣ አልጋቸውንና ዶሮዎቻቸውን ወደ አዲስ ቤት አጓጉዟል። እንዲያውም አንድ ሙሽራ ጋብቻው ተባርኮ ሲወጣ «ኮትህ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው እንጂ ትንሽ ነገር ነበረች» ተብሏል ይባላል። ይቺኛዋን ግን ሳይጨምሩባት አልቀሩም።

ከእኚህ ሴት ያመለጠ ሰው ቢኖር አናጢው ነበር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረም፤ ነገር ግን መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን ሳይገጣጠም በመዘምራኑ በር ሹልክ ይላል። ቤቱ የሚጠብቀው ጉዳይ ኖሮት አይደለም። ሬዲዮኑን ይከፍትና ሳያዳምጠው ይቀመጣል።

አንድ እሑድ በዚያው በር ብቅ ሲል እትዬ ደወልን ደረጃው ላይ ቆመው አገኛቸው።

«በዚህ በኩል ነፋሱ ጥሩ ነው፣ አይደል?» አሉት።

«ጥሩ ነው እትዬ።»

«እጅህስ ደኅና ነው?»

አናጢው አውራ ጣቱን አየት አደረገ። አሞኛል ሊል ዳዳውና በእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ መዋሸት ከበደው።

ትንሿ ነገር ይህች ነበረች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው አንዲት ጡረተኛ መምህርት ይኖራሉ። ዊልቸር ተገኝቶላቸዋል፤ ደጃፋቸው ግን ደረጃ ስለሆነ ከሳሎናቸው አያልፍም። እና ዊልቸሩ የሚወርድበት የጣውላ መውረጃ ደረጃው ላይ ማበጀት ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መምህርቷ አናጢውን የተቀበሉት በመስኮት ነበር።

«ማን ላከህ?»

«እትዬ ደወል ናቸው።»

«እኔ ማንንም እርዱኝ አላልኩም።»

«እኔም ልምጣ አላልኩም» አለ አናጢው መጋዙን ከከረጢቱ እያወጣ።

መምህርቷ ሳቃቸው መጣ። «በል እንግዲያ፣ ሁለታችንም ተገደን ነው። ሥራህን ሥራ።»

በግማሽ ቀን ተገላግዬ እሄዳለሁ ያለው ሥራ እስኪመሻሽ ያዘው። የላገውን ጣውላ መልሶ ላገው። ጎማው እንዳይንሸራተት ቀጫጭን እንጨት አግድም መታበት። ማንም ሳያዘው በጎን በኩል መደገፊያ አቆመ። በመጨረሻ ዊልቸሩን ከኋላ ይዞ ቀስ እያለ አወረዳቸው። መንገዱ ላይ ሲደርሱ መምህርቷ እጃቸውን ዘርግተው ከመስኮታቸው የማይታየውን የጎረቤት አጥር ዳሰሱ።

«ይሄ አጥር ሰማያዊ ነበር እኮ። መቼ ነው አረንጓዴ የቀቡት?»

አናጢው ዊልቸሩን ወደ አጥሩ ጠጋ አደረገላቸው። ያን ቀን ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን ጠራርጎ በላ።

የእትዬ ደወል ችግር ልክ አለማወቃቸው ነው። በዚያው ሰሞን ዳቦ ጋጋሪውን፣ ምድጃው ሥር ሲጋግር አድሮ ቀጥታ ወደ አምልኮ የመጣውን ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት «እጅህ ደኅና ነው?» አሉት።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ የምመጣው ላርፍ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ከሥራ ወጥቼ ወደ ሥራ ነው እንዴ የምገባው? ሰው መጸለይም አቃተው እኮ!»

አንዳንዱ «እውነቱን ነው» አለ። ሌላውም አጉረመረመ። አናጢው እዚያው ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ለስላሳ ሰው፣ እትዬ ደወልን ገለል አድርገው «ሕዝቡ ደክሟል፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ብናደርገው?» አሏቸው።

«አስቸግሬ ከሆነ ይቅር በሉኝ» አሉ እትዬ ደወል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አሜን» ሲባል ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቀጥታ ወደ ቤታቸው መሄድ ሆነ።

መጀመሪያ ሰሞን ጉባኤው ወራሪ ፈረሰኛ እንዳለፈለት መንደር እፎይ አለ። ሰው በዋናው በር ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ቆሞ አወራ። እያደር ግን አንዳንድ ነገር መጉደል ጀመረ። የሒሳብ ሠራተኛው ወደ መንታዎቹ መሄዱን ተወ። ሾፌሩ አሮጊቷን እንደ ወትሮው ጎራ ብሎ ሳይጠይቃቸው ቀረ። ማንም አልከፋም፤ ማንም ልቡ አልደነደነም። ሁሉም የሚጠራውን ሰው ይጠብቅ ነበር፣ ጠሪዋ ደግሞ ዝም ብለዋል።

አናጢው አንድ ቀን በመምህርቷ ደጃፍ ሲያልፍ የሠራው መውረጃ ላይ የረገፈ ቅጠል ተከምሮ አየ። መምህርቷ መስኮታቸው ጋ ተቀምጠዋል።

«መምህርት፣ አይወጡም እንዴ?»

«ማን ይግፋኝ? ሰው የሚልኩልኝ እትዬ ደወል ነበሩ፤ አሁን እሳቸውም ጠፉ።»

መውረጃ ገፊ እንደሚያስፈልገው ለአናጢው እስከዚያች ደቂቃ ትዝ ብሎት አያውቅም። ፊቱን አዙሮ ወደ እትዬ ደወል ቤት ሄደ።

የስፌት መኪናቸው እየተንቀጫቀጨ ሳለ ደረሰ። ሲያዩት አቆሙ።

«ለምን ዝም አሉ እትዬ?»

«ተይ አሉኝ፣ ተውኩ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ ሲባሉ የሚተዉት?»

አልሳቁም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ልጄ፣ ደፋር እመስልሃለሁ አይደል? ሰው ፊት መቆም ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል። በሩ ላይ የምቀድመውም ቆሜ ካሰብኩ እንደምመለስ ስለማውቅ ነው። አንተን በመዘምራኑ በር ስጠብቅህ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ነበር። ሰውዬው ሲቆጣኝ ታዲያ፣ ለካ ስፈራ የኖርኩት ለዚህ ነው አልኩ።»

አናጢው ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «ያን ቀን ባይጠብቁኝ ኖሮ እኔ...» አለና ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። «ቅዳሜ መምህርቷን ላወጣቸው ነው፤ ብቻዬን አልችልም። ይምጡ» አላቸው።

«ዩኒፎርሙ አላለቀልኝም። ወገቤንም ያመኛል። ደግሞ ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም።»

አናጢው እነዚህን ሰበቦች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ የራሱ ነበሩ። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጠዋት ነው ከሰዓት?» አሉ እትዬ ደወል በመጨረሻ።

ቅዳሜ መምህርቷ የመረጡት ሲያስተምሩበት የኖሩትን ትምህርት ቤት ማየት ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዳገት ላይ ነው። አናጢውና እትዬ ደወል ጎን ለጎን ሆነው ገፉ። ግማሽ መንገድ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርሱ፣ ጉልበታቸው አለቀ። ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሲል አናጢው በጭኑ ደገፈው።

ዳቦ ጋጋሪው እጅጌውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆሟል። እትዬ ደወል አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ገጠሙት፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አናጢው መጥራቱ የእሱ ተራ እንደሆነ ገባው። በሕይወቱ ሰው ለምኖ አያውቅም። ዳገቱ ያላወጣው ላብ አሁን በጀርባው ወረደ።

«ወንድሜ!» አለ። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። «ና እስቲ ግፋልን።»

ዳቦ ጋጋሪው እትዬ ደወልን አየ። አናጢው፣ አሁን ፊቱን አዙሮ ይገባል፣ ብሎ ጠበቀ።

«ምነው እስካሁን ሳትጠሩኝ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ከታች ስትነሱ ጀምሮ እያየኋችሁ ነው።» እጁን እንኳ ሳይጠርግ መጣና ዊልቸሩን ያዘ። የዱቄት ጣቱ መያዣው ላይ ታተመ። «እትዬ፣ እርስዎ ይልቀቁ። የዚያን ቀኑን ነገር ደግሞ... እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«እኔም ልክ አላውቅም» አሉ እትዬ ደወል።

ዳገቱን ወጡ። መምህርቷ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሲደርሱ ቁሙ አሉ፤ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች እያዩ ቆዩ። ማንም አላቻኮላቸውም። አናጢው ኮቱን አወለቀና አጠገባቸው ያለው ድንጋይ ላይ አነጠፈው።

«ይረፉ እትዬ» አለ።

እትዬ ደወል ግራ ተጋብተው ኮቱንም እሱንም አዩ። እሳቸውን ይረፉ ያላቸው ሰው እስከዚያች ቀን አልነበረም።

ተቀመጡ።