እመት ሀጂራ በጨለመው ስክሪን ላይ የተቀዳጁት ድል

ኢቃማቸው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ለሦስተኛ ጊዜ በታደሰበት ዘመን፣ ማዳም ሀያት በመካ ሩሰይፋ በባለ ሦስት ፎቁ ቤት በነገሠች በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሻዕባን በዕለተ ኀሙስ፣ መዋዒተ አቧራ፣ ዐቃቢተ ማእድ፣ የኮምቦልቻዋ እመት ሀጂራ ያዩት መከራና ያገኙት ድል እንዲህ ሆነ።

የዘመቻው ምክንያት አንድ ነው። በአራት ዓመቷ ትተዋት የመጡት ልጃቸው ሲቲ ቁርኣን አክትማ፣ በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ በሼኹና በዘመድ ፊት ልትቀራ ነበር። የሀጂራ ስልክ ግን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ከሰጠመ ወዲህ ድምፅ ያሰማል እንጂ መልክ አያሳይም። የልጃቸውን ፊት ካዩ ስድስት ወር አልፏቸው ነበር።

የማዳም ልጅ ሰልማን ለትምህርት ሲሄድ ትቶት የሄደ ኮምፒውተር ነበረ፤ ሊኑክስ በተባለ፣ ዓርማው ክንፍ እያላት የማትበር ወፍ በሆነ ሥርዓት የሚተዳደር፣ ከስክሪኑም ግንባር ላይ ካሜራ ያለው። ሀጂራም ሙያውን በኮምቦልቻ ቴክኒክ ቀምሰውት ነበርና ለነገው ይሰጠኝ ብለው ቢለምኑ፣ ማዳም እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦ «ከበራ የሀጂራ ነው። ካልበራ ግን ነገ የከሰዓቱ ዐስር ሶላት ሲደርስ ኸላስ፣ ለቁራሌው ይሰጣል!»

ወእምዝ ሀጂራ ሥርዓቱን ቢያድሱት፣ ስክሪኑ አንዴ ብልጭ ብሎ ጭልም አለ። ነገሩ የሹማምንት ጠብ ነበር። ግራፊክስ ካርድ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሁሉ የሚሥል ንጉሥ ነውና በገዛ አፉ አይናገርም፤ ድራይቨር የሚባል አፈ ንጉሥ አለው። እድሳቱ አዲሱን አፈ ንጉሥ ሲሾም አሮጌውን መሻር ረሳ፤ ሁለቱ በአንድ ወንበር ተጋፉ፤ ንጉሡም አኩርፎ ዝም አለ።

ይህን የሚፈታ ሊቅ በጂዳ ይኖር ነበር፤ የሀጂራ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የአውሮፕላን መሐንዲሱ ናሆም። ይሁንና ክርስቲያን ነውና መካ አይገባም፤ አውራ ጎዳናው ለሁለት ከሚከፈልበት ከታላቁ ምልክት አያልፍም። ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ካልመጣ በሽተኛው ወደ ሐኪሙ ይሂድ ተባለና፣ ከጂዳ በድምፅ መልእክት አዋጅ ወረደ፦ «ከምልክቱ በፊት ያለው ማደያ ጋ ቆሜያለሁ። ሳጥኑን ብቻ ላኪልኝ፣ ስክሪን ከኔ። ያላ!»

ጁምዓ ማለዳ የቤቱ ሾፌር ኑረዲን ዘመተ፤ ኮምፒውተሩም በአንሶላ ተጠቅልሎ፣ ቀበቶ ታስሮለት፣ በኋላ ወንበር ተቀመጠ። ተከታዮቹም እነዚህ ናቸው፦ ሁለት ገመድ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣ ሃያ የሥጋ ሰምቡሳ፣ ደግሞም ዕለቱ ዓርብ ነውና ለጾመኛው ናሆም ለብቻው የተቋጠረ ዐሥር የምስር ሰምቡሳ። ናሆምም ከማደያው ሻይ ቤት ሶኬት ለምኖ፣ የአሮጌውን አፈ ንጉሥ ስም በግዞተኞች መዝገብ ጻፈ፤ አዲሱንም ብቻውን ሾመ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻያቸውን ይዘው እያዩ ስክሪኑ በራ።

ኑረዲን ሰግዶ ሩሰይፋ ደርሶ ገመዱን ሲሰካካ ግን ያው ጨለማ ሆነ። በስልኩ በኩል የሲቲ ቂርኣት ጀምሯል፤ ድምፅ እንጂ መልክ የለም። ከጂዳም ሁለተኛ አዋጅ መጣ፦ «ሁሉም ይጥፋ! ከባዶ እንደ አዲስ ይጫን!» ይህ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ዐስር ሶላት ደግሞ ሁለት ሰዓት አልቀረውም።

እመት ሀጂራ የናሆምን አዋጅ ጣሱ። ሰልማን በዘመኑ «መጥረጊያ ከገመዶቼ እንዳይደርስ!» ብሎ አውጆ ነበርና፣ የሳጥኑ ጀርባ የስንት ዓመት አቧራ ለብሷል። አቧራን ደግሞ እንደ ሀጂራ የሚያውቅ የለም። ተንበርክከው በኑረዲን ስልክ መብራት ቢያዩ የስክሪኑን ገመድ የሚቀበሉ ሁለት አምሳያ ቀዳዶች አሉ፤ ኑረዲን የሰካበት የላይኛው በአቧራ ተደፍኗል፤ የታችኛው ንጹሕ ነው። ገመድ የኖረበት ቀዳዳ አቧራ አይገባውም። ኑረዲን በጥድፊያ የንጉሡን ደጅ ትቶ የጎረቤት አንኳኩቷል። እሳቸውም ነቅለው ከታች ሰኩት።

ወኮነ ብርሃን። በኮምፒውተሩ ወደ ኮምቦልቻ ቢደውሉ ሲቲ ስክሪኑን ሞልታ ታየች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ይህን ማንም አልነገራቸውም ነበርና ሀጂራ አለቀሱ። ልጅቱም ሱራውን አጋምሳ ሳለች የእናቷን ፊት አይታ ቂርኣቷን አቋረጠች። ከዚያም በሼኹና በዘመድ አዝማድ ፊት እንዲህ ስትል አወጀች፦ «እማዬ አሁን ነው የመጣችው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እቀራለሁ።»

ከመጀመሪያውም ቀራች። ማዳም ሀያትም የዐስርን ሻይ በገዛ እጇ አፈላች፤ ይህም በዘመነ መንግሥቷ ታይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ሀጂራን የሚመስል ማን ነው? ሌሎች ጀግኖች አገር ለማቅናት ሠራዊት አስከትለው ወራት ተጓዙ፤ እሳቸው ግን አንድ ገመድ ጣት ታህል ዝቅ አድርገው ከሩሰይፋ ኮምቦልቻ ገቡ። ኢቃማቸው በታደሰ ቁጥር ክብራቸው ይታደስ፤ ከልጃቸውም ጋር የሚቀመጡበት ቀን ይቅረብ፤ አሚን።