«ድግግሞሽ አጥፋ» የሚለው ቁልፍ

ሰው ሲደክመው ምን ያደርጋል? አንዱ ይተኛል፤ አንዱ ሐይቅ ዳር ወጥቶ ይቀመጣል። እኔ ሰንጠረዥ እሠራለሁ። አትሳቁብኝ፣ እንጀራዬ ነው። ስታትስቲክስ ተማርሁ፣ ሃያ ዓመት ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ አሁን ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር፣ አምስት ሰው ባለበት ትንሽ ቢሮ ተቀምጬ ሌላ ሰንጠረዥ እሠራለሁ።

ቢሯችን ምን እንደሚሠራ ለዘመዶቼ አስረድቼ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ለእናንተ ልሞክር። ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ማር ነጋዴው ዕቃቸውን ይሰጡናል። እኛ ፎቶ አንሥተን ኢንተርኔት ላይ እንለጥፋለን፣ ትእዛዝ እንቀበላለን፣ ለገዢው እንልካለን። የመሸንቲው አጎቴ ይህን ሁሉ ጸጥ ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «እና ደላላ ሆንህ በለኛ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማስረዳት ትቻለሁ።

ትእዛዝ የሚቀበሉት እትዬ ዓለምነሽ ናቸው። ከፋብሪካ የስልክ ማዞሪያ ጡረታ ወጥተው ነው እኛ ዘንድ የመጡት። ኢንተርኔት ላይ ብንለጥፍም ገዢያችን ፎቶውን አይቶ የሚያደርገው መደወል ነው። ድምፅ ሳይሰማ ማን ይገዛል? እትዬ ያነሣሉ፤ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፣ ስለ ልጆች ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ትእዛዙን ጠንካራ ሽፋን ባለው ትልቅ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል የራሳቸውን ማስታወሻ ይጨምራሉ። «ጉልበቷን ያማታል፣ ፎቅ አትወጣም።» «ቢጫ አይወድም።» «አማቷ ከመጣች ሁለት ትፈልጋለች።»

እንግዲህ አንድ ሰኞ ሥራ አስኪያጃችን ከአዲስ አበባ ሥልጠና ተመለሰ። ሥልጠና ደርሶ የመጣ ሰው ያስፈራኛል። ሰበሰበንና በመዝገብ መሥራት ቀረ አለ። የዳታ መተንተኛ መሣሪያ እናስገባለን፤ ማን ምን እንደገዛ፣ መቼ እንደገዛ፣ ነገም ምን እንደሚገዛ ይነግረናል አለ። አጥንቶ የሚመርጠው ይርጋ ነው አለ። ይርጋ እኔ ነኝ። ወርኃዊ ክፍያው ከየት ይመጣል ብዬ ጠየቅሁ። ምነው አፌን በያዝሁ! ከእትዬ ዓለምነሽ ደመወዝ ነው አለ። መሣሪያው ሲገባ እሳቸው በጥር መጨረሻ ይሰናበታሉ፤ ስልኩን ሁላችንም እየተቀያየርን እናነሣለን።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛቸውን ማጽዳት ያዙ። መሳቢያ ይከፍታሉ፣ አሮጌ ወረቀት ይጥላሉ፣ ሲሠሩም ያንጎራጉራሉ። ሰው ሐዘኑን በዜማ ሲሸፍን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። መሣሪያ መርጬ ስፈርም የእሳቸውን መሰናበቻ መፈረሜ ነው ብዬ እህል አልበላ አለኝ።

ስለዚህ ጥናቱን የቻልሁትን ያህል አጓተትሁት። የመጀመሪያው መሣሪያ የውጭ አገር ነው። ውብ ነው፤ ክቡ ይሽከረከራል፣ መስመሩ ይወጣል ይወርዳል። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ግን አብሮ ይጠፋል፤ ሲመለስም አንተ ማን ነህ ብሎ ከሀ ይጀምራል። ሁለተኛውን የሠሩት የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ወኪላቸው በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል። ምን ይሠራል ስለው የማይሠራው ነገር የለም አለኝ። አማርኛ ያነባል ወይ ስለው፣ በቅርቡ አለኝ። «በቅርቡ» ስንት ዓመት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛው ተራው ኤክሴል ነው። እኔ እሱን ወደድሁት። ሥራ አስኪያጁ ግን፣ ለኤክሴል ከሆነ እኔ ለምን ሥልጠና ሄድሁ ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ የውጭውን ለሁለት ሳምንት በነጻ እንሞክረው ተባለ።

የእትዬን መዝገብ ወደ መሣሪያው መገልበጥ የእኔ ዕጣ ሆነ። ስም፣ ስልክ፣ ዕቃ፣ ቀን። ዳር ዳሩ ላይ ለተጻፈው ማስታወሻ የሚሆን ዓምድ የለም፤ ስለዚህ ዘለልሁት። ጨርሼ ቀና ስል መሣሪያው ቀይ መብራት አበራ። ብዙ ድግግሞሽ ተገኝቷል ይላል። አንድ ስም፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ በአንድ ቀን፣ ሃያ ሦስት ጊዜ! ከሥሩ «ድግግሞሽ አጥፋ» የሚል ቁልፍ አለ።

እትዬ አረጁ አልሁ በልቤ። የጻፉትን እየረሱ ደግመው ደጋግመው ጽፈውታል። ሥራ አስኪያጁ ቢያይ ምን ይላል? ማንም ሳያየኝ ቁልፉን ተጫንሁ። ሃያ ሦስቱ አንድ ሆነ። ገመናቸውን ሸፈንሁላቸው ብዬ ያን ቀን በደንብ ምሳ በላሁ። ሥራ አስኪያጁም ዳታው ጠራ ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ዝርዝሩ እንደወረደ ሹም አቦ ሰፈር ላሉት ልብስ ሰፊያችን፣ ለአቶ ሙሉቀን ተላከ።

ጥምቀት ደረሰ። ሐሙስ ዕለት እትዬ ቦርሳቸውን አንግተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «ለመሆኑ የመሪጌታ ልብስ ተጫነ?» አሉኝ።

«ተጭኗል እትዬ።»

«ሃያ ሦስቱም?»

«አንድ ነው እንጂ። ሲደጋገም ጊዜ አጥፍቼው...»

«ምኑ ነው የሚደጋገም?»

መዝገቡን አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። መሪጌታ ማለት ከሐይቁ ማዶ፣ ኔትወርክ ከማይደርስበት ደብር ያሉ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ወደብ ይወርዱና የአገሩን ሰው ሁሉ ትእዛዝ በእሳቸው ስልክ ይደውላሉ። እዚያ ማዶ የሚገዛ ሁሉ በመሪጌታ ስም ነው የሚገዛው። ይህን ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ዳር ላይ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «አጭር ነው፣ ትከሻው ሰፊ።» «ገና ያድጋል፣ ጠርዙ በዛ ብሎ ይታጠፍ።» «እጀታው ይርዘም።» እያንዳንዱ መስመር አንድ ዲያቆን ነበር።

«ኧረ አንተ ምን ሆንህ!» አሉ እትዬ። «ሃያ ሦስት ዲያቆን ባንድ ቀሚስ ገብቶ ነው ታቦት የሚያጅብ?»

ከተራ ማክሰኞ ነው። ላብ አጠመቀኝ። እትዬ ቦርሳቸውን አስቀመጡና ስልኩን አነሡ። ማዞሪያ ላይ ሳሉ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። አቶ ሙሉቀንን ከሌሎች ስድስት ሰፊዎች ጋር አገናኙ፤ የማን የስፌት መኪና እንደተበላሸ፣ ማን ጨርቅ እንዳለው ያውቃሉ። አቶ ሙሉቀን በመካከል ስልኩን ለይርጋ ስጡልኝ አሉና ለልጆቼ የማልነግራቸውን ነገር ነገሩኝ። ሰኞ ጠዋት እሽጉን ተሸክሜ ወደብ ወረድሁ። የመጨረሻውን ቀሚስ ጠርዝ እትዬ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዘመዘሙት። መሪጌታ ቀድሞ ከተጫነው ጋር ሃያ ሦስት ቆጠሩ፣ መረቁን፣ ጀልባው ሄደ። እፎይ አልሁ።

የጥምቀት ዕለት በዓል ነው ብዬ አላረፍሁም። አራት ገጽ ሪፖርት ጻፍሁ። ጥፋቴን አመንሁ። እትዬ ዓለምነሽን የሚተካ መሣሪያ በምድር የለም፣ እሳቸውን ማሰናበት ቢሮውን መዝጋት ነው አልሁ። እንባዬ እየመጣ ነው የጻፍሁት። አቶ ሙሉቀንም እሳቸው ከሄዱ እኔም ሄድሁ ብለው ደወሉ። ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና እትዬ አይሰናበቱም፣ እስከፈለግናቸው ድረስ ይቆያሉ አለ። አጨበጨብን። እኔ አብዝቼ አጨበጨብሁ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ሰው ሲወጣ ወደ ጥግ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን በድዬህ ነው?»

«እንዴት እትዬ?»

«ሠላሳ ዓመት ስልክ ሳነሣ ኖርሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት ባለው ጓሮዬ ላይ ጎመን ተክዬ፣ ስልክ የማይጮኽበት ቤት ልቀመጥ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ራሴ ልቀቁኝ እንዳልል ይሉኝታ ያዘኝ። እግዜር በዚያ በመሣሪያችሁ በኩል ሲገላግለኝ፣ አንተ አራት ገጽ ጻፍህብኝ! ሳንጎራጉር አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ። ከሐዘን መስሎኝ ነው።»

«ከሐዘን!» አሉና ሳቁ። ሳቁ እንኳ የደከመ ነበር።

እኔው ያበላሸሁትን እኔው ላቅና ብዬ ሥራ አስኪያጁን ለመንሁ። እሺ አለ፣ ግን በአንድ ነገር፤ የመዝገቡን ዳር የሚያነብ፣ ስልኩንም እንደ እሳቸው የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ይገኝ። ማን ይሁን? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ይኸው መጋቢት ነው። የውጭው መሣሪያ የሙከራ ጊዜው አልቆ ተቆልፏል። እትዬ ጎመናቸውን ተክለዋል። እኔ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ ስለ ጉልበት፣ ስለ አማት፣ ስለ ቢጫ ቀለም እጠይቃለሁ። መሪጌታ ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውሉና መጀመሪያ የሚሉኝ፣ «እትዬ የሉም?» ነው። መሣሪያ እንድመርጥ ታዝዤ ተመርጬ ቀረሁ።

ባለፈው መዝገቡን ሳገላብጥ በጥር ገጽ ዳር ላይ፣ በእነዚያ ትንንሽ ፊደላት፣ ስሜን አየሁት። «ይርጋ። ደግ ነው፤ ሳይጠይቅ ያዝናል» ይላል።