ለወንድሜ የተተኮሰው ቀርቀሃ

ቆዩኝማ፣ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው ነገር ገና ይመጣል፤ እኔን ግን ሳስበው አስቀድሞ ያስቀኛል። ለቅሶ ላይ የሳቀ ሰው ሟቹን የናቀ ይመስላችኋል? እኔ የወንድሜ ለቅሶ ላይ ስቄአለሁ፤ ከእኔ በላይ ያለቀሰለትም የለም።

ወንድሜ ተገኘ እንጅባራ ከተማ አስተማሪ ነበር። ሬዲዮው ጨረቃ ላይ ሰው ሊወጣ ነው በሚልበት በዚያ ዘመን፣ አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የምትገጣጠም ትንሽ ሮኬት ትቶለት ሄደ። ገላዋ ወረቀት፣ ሆዷ ውስጥ የሚገባ አንድ የባሩድ ጥቅል ብቻ። ወረቀቱን አይጥ በላው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥላት ነበር። ተገኘ ግን በአገራችን የሞላው ቀርቀሃ አይደል? ፍቆ ፍቆ፣ አቅጥኖ፣ አዲስ ገላ ሠራላት። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ቢሆንም በእጄ መዝኜ ከበደች ብዬው ነበር። የተማረ ሰው እህቱን ይሰማል እንዴ? ፍልሰታ ሲፈታ እሞክራታለሁ አለኝ። ፍልሰታ ሳይፈታ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ።

እኛ ዘንድ ወንድ ሲሞት ፈረሰኛው የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል፣ ጠመንጃ ይተኮሳል። ወንድሜ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። የፈረሰኞቹ አውራ አያ ደሴ ታዲያ፣ ሰው እንዴት ያለ ጥይት ይቀበራል፣ በሉ የእኔን ተኩሱለት አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸውን ግን ሜዳው ሁሉ ካልሰማው አይሆንላቸውም። የወንድሜ ልጅ ብዙነሽ፣ ለትዳር የደረሰች ልጅ፣ ብድግ አለች። አባቴ በሰው ጠመንጃ አይሸኝም፤ የራሱ አለው ብላ ሮኬቷን አወጣች።

"በቀርቀሃ?" አሉ አያ ደሴ። "ሰው ልንሸኝ ነው ወይስ ቅርጫት ልንሠራ?"

ለቀስተኛው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። ልጅቱ ሮኬቷን መሬት ላይ አቆመቻት። ባሩዱ አንድ፣ ሙከራውም ያው አንዱ ነው። ሮኬቷ ካልተነሣች ወንድሜ መሳቂያ ሆኖ አፈር ሊለብስ ነው። እመቤቴን ጠራሁ።

ብዙነሽ ክሩን ለኮሰች። ሽሽሽ... ተነሣች! እልልታ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን ያዝሁ። ከሜዳው ዳር ያለው ጥድ ጫፍ ላይ ስትደርስ ክብደቷ አሸነፋትና ወደ ጎን ታጠፈች፤ እያፏጨች በፈረሰኞቹ ራስ ላይ አለፈችና "ጧ!" አለች። ፈረሱ ሁሉ ደነበረ። የአያ ደሴ ፈረስ ጌታውን ጭቃ ላይ አራግፎ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ነጎደ።

ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት፤ ብቻዬን። አያ ደሴ ከጢማቸው እስከ በርኖሳቸው ጭቃ ሆነው ተነሡ፣ ጠመንጃቸውንም አነሡ። ምን ሊመጣ ነው ብዬ ልጅቱን ወደ ኋላዬ ሳብኋት። እሳቸው ግን ቀና ብለው ጢሱን ረጅም ጊዜ አዩት። ለአስከሬኑ እጅ ነሡ። ከዚያ ወደ ብዙነሽ ዞረው፣

"ልጄ፣ እኔም ስሞት እንዲሁ አድርገሽ ተኩሽልኝ፤ ፈረሴን ግን አስቀድመሽ እሰሪው" አሏት።