አማቴ ፕሮቲኖቼን በፊደል ተራ አስቀመጡልኝ

ጡረታ ከወጣ ሰው ጋር የምትኖሩ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፤ ቤታችሁ ውስጥ የትኛውንም ዕቃ ካስቀመጣችሁበት አታገኙትም። ዕድሜውን ሙሉ ሥራ የለመደ እጅ በአንድ የስንብት ደብዳቤ አርፎ አይቀመጥም። እኔ ይህን የተማርኩት ኮልፌ፣ በገዛ ሳሎኔ፣ ሽማግሌ ሊመጣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ሰፈሩ እንደሆነ እስካሁን አልገባውም። ሰውነታችን ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ መልእክት ይቀባበላል። አንዱ ፕሮቲን ለጎረቤቱ «እደግ በለው» ይለዋል፤ ያኛው ለቀጣዩ ያደርሳል፤ መሀል ላይ ደግሞ አንዱ ተነስቶ «ተዉ፣ ይበቃል» ብሎ ነገሩን ይቆርጠዋል። እኔ ማን ለማን እንደሚነግር ከጥናት ጽሑፎች እየለቀምኩ፣ ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት የመረጃ ቋት ውስጥ በየመልኩ አስገባለሁ። የምሠራው ከቤት ስለሆነ ጎረቤቴ «ታዲያ ሥራ የምትጀምሪው መቼ ነው?» እያለች ሁለት ዓመት ጠይቃኛለች።

መብራት ስለማይታመን መጀመሪያ በወረቀት ነው የምሠራው። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን አንድ ካርድ አዘጋጃለሁ። ከካርዱ ጀርባ ከማን እንደሚቀበልና ለማን እንደሚያቀብል እጽፋለሁ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፌ በክር አገናኛቸዋለሁ፤ አረንጓዴው ክር «ያነሳሳል»፣ ቀዩ «ያስቆማል» ማለት ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ከበሩ እስከ መስኮቱ ሞልቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት መላክ አለብኝ። ከዚህ በፊት አንዴ ቀን አሳልፌ ስለነበር፣ አለቃዬ ሁለተኛ እንደማትታገሠኝ በጣም ጨዋ በሆነ ቋንቋ ጽፋልኛለች። ጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቁታላችሁ…

እሁድ በስምንት ሰዓት የባለቤቴን እህት ሰናይትን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ ተባለ። እኔ ለስላሳ ልገዛ አየር ጤና ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመለስ ግድግዳው ባዶውን፣ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ።

«አባባ፣ ወረቀቶቹ የት ሄዱ?»

አባባ ወልዴ አማቴ ናቸው፤ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ከረባታቸውን አስረው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ምርቃት የሚጠብቅ ሰው ይመስላሉ።

«እንግዳ እየመጣ ቤቱ እንዲያ በክር ተወጥሮ ይታይ እንዴ ልጄ? አነሳሁልሽ። ዝም ብዬም አላነሳሁትም፤ በፊደል ተራ አስቀመጥኩልሽ። ኤ ከኤ፣ ቢ ከቢ።»

ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የታሰሩ ጥቅሎች ተደርድረዋል። አጠገባቸው ሁለት የክር ኳሶች፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ቀይ። እንደዚያ የሚያምር ጥፋት አይቼ አላውቅም።

ፎቶ አላነሳሽውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንስቼዋለሁ። ባለቤቴ ሄኖክ ግን ግድግዳውን ለፎቶ ማሳመሪያ መስሎት መሀሉ ላይ ገብቶ ቆመ። እሱ ጥርሱ ሁሉ ይታያል፤ የክሮቹ ዋና መገናኛ ግን ከትከሻው ኋላ ነው።

አልጮህኩም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩና እንባዬ መጣ። አባባ ነገሩ ገባቸው፤ ድምፃቸው ወረደ።

«አበላሸሁብሽ?»

«ሰኞ ነው የምልከው፣ አባባ።»

ካርድ አነሱና ጀርባውን ገልብጠው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይሄማ አድራሻ ነው» አሉ። ኮታቸውን አውልቀው ከጎኔ ተንበረከኩ። «በይ፣ እኔ እያነበብኩ ልስጥሽ፣ አንቺ ደርድሪ።»

ሥራው ያዘን። ምንጣፉ ሞላ፤ ኮሪደሩ ጀመረ። እሳቸው ላኪና ተቀባይ ይጠራሉ፣ እኔ ክር እዘረጋለሁ። የበሩን መንኳኳት የሰማችው ሰናይት ነበረች፤ ከፍታ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ።

«ግቡ፣ ግቡ፣ ብቻ ካርዱን እንዳትረግጡ» አሉ አባባ ቀና ሳይሉ።

በደንቡ ሽማግሌ «ተቀመጡ» እስኪባል አይቀመጥም። አባባ ደግሞ በሁለት እጃቸው ሁለት ካርድ ይዘው ዓለምን ረስተዋል። ሽማግሌዎቹ በካርዶቹ መሀል በእግር ጣታቸው ቆሙ። አንዱ አንዱን አየው፤ አልተፈለግንም ማለት ነው የሚል አስተያየት። የጓዳው በር ገርበብ ብሎ የሰናይት ዓይን ይታየኛል፤ ሊያለቅስ ነው። አባባን በክርኔ ነካኋቸው። ምንም።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አቶ ወልዴ፣ እኛ የመጣነው…»

አባባ በዚያው ቅጽበት ሁለቱን ካርዶች ከፍ አድርገው ቀና አሉ። «እነዚህን ሁለቱን ማነው የለያያቸው? አንድ ናቸው! አንድ ላይ ይሁኑ፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳይለያያቸው!»

ከጓዳ የሰናይት እልልታ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ «እግዜር ይስጥልን» እያሉ ጎንበስ አሉ። ሴት ልጁን የተጠየቀ ሰው ሽማግሌን ሁለት ሦስት ጊዜ ማመላለስ አለበት፤ አባባ ገና ሳያስቀምጧቸው ሰጡ።

እሳቸው ያሉት ስለ ካርዶቹ ነበር። አንዱ ላይ አክት፣ ሌላው ላይ ፒኬቢ ይላል። የሚቀበሉትም ከአንድ ቦታ፣ የሚያቀብሉትም ለአንድ ቦታ። አባባ ትክክል ናቸው፤ ያው አንድ ፕሮቲን ነው፣ ሁለት ስም ያለው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀውን ነገር እኔ ከተለያዩ ጽሑፎች ለቅሜ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለያይቼ አኑሬዋለሁ። እንደዚያው ብልከው ኖሮ የአለቃዬ ቋንቋ ይበልጥ ጨዋ ይሆን ነበር።

አባባ እልልታው ምን እንደሆነ ሲገባቸው ትንሽ ፈዘዙ። ወደ ጓዳው በር አዩ፤ ሰናይት በእንባዋ መሀል ትስቃለች። «እንግዲህ አንዴ ከአፌ ወጥቷል» አሉና «ተቀመጡ እንጂ» ብለው ወንበር ሳቡ። ለስላሳው ተከፈተ።

ሰኞ ጠዋት ሥራውን ላክሁ። ማክሰኞ መልስ መጣ፤ ጥሩ ነው፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ተመድቦልሻል ይላል። ሴል ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚገድል የሚያሳየው የመልእክት መንገድ ነው። ለአባባ ነገርኳቸው፤ ካርድ ያቀርባሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ሰርጉ ይለፍ። ሰርግ ባለበት ቤት ግድግዳ ላይ ሞት አይለጠፍም።»

ለአለቃዬ የሴሉ ሞት ለጥቂት ሳምንት እንዲራዘም ጽፌላታለሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ሰርግ አለብን» ብያለሁ። እስካሁን የመለሰችው አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።