የጩቤዋ ማደሪያ

ቤት የሚያከራይ ሰው ቶሎ መልመድ ያለበት ነገር ቢኖር የሰው ጓዝ አለመቁጠርን ነው። ምን አገባህ? አንዱ ፍራሽ ደራርቦ ይመጣል፣ ሌላው ዶሮ ይዞ። ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል፣ ከሱቄ ጀርባ ያሉትን ክፍሎች ለተማሪዎች ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ ያላየሁት ዕቃ የለም። አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ አለን። ቅርንጫፍ ናት፤ ደንቧ ግን ከአጥሯ ይረዝማል። የተማሪ ማደሪያ ስለሌላት ልጆቹ የሚያድሩት እኛው ጋ ነው።

ከተከራዮቼ አንዱ ጋልማ ይባላል። ጎዶማ ከሚባል ገጠር የመጣ የከብት አርቢ ልጅ ነው፤ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ እሱ ብቻ። ሲበዛ ጨዋ ነው። ሻይ ስሰጠው እንኳ ብድግ ብሎ ነው የሚቀበለኝ፤ አንዳንዴ ያናድደኛል።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አባቱ ዓይናቸውን ሊታከሙ ወደ ሶሎሎ ሆስፒታል ሲሄዱ በእኛ በኩል አለፉ። ወገባቸው ላይ የቆዳ አፎት ያላት ጩቤ ነበረች። ታጥቆ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር ነው አሉና ፈትተው ለልጃቸው ሰጡት። በእነሱ ቤት ልማድ፣ የሰው ትጥቅ የተቀበለ ሰው አስተናጋጁ ነው። ዕቃውን አይደብቅም፣ ለሌላም አያቀብልም። ባለቤቱ ሲመለስ አብልቶ፣ አሳድሮ፣ በገዛ እጁ ያስረክበዋል። ጋልማም ከአልጋው በላይ ሚስማር መትቶ ሰቀላት። ግድግዳው የኔ ነበር፤ ይሁን አልኩ።

ከዚያ ጓደኞቹ ሊያጠኑ መጡ። የዛሬ ልጆች ፎቶ ሳይነሱ ደብተር ይገልጣሉ? ተነሱ፤ በየስልኩ በተኑት። ጩቤዋ ከጋልማ ጭንቅላት በላይ ተንጠልጥላ ከሁሉም አምራ ወጥታለች። በማግስቱ የተማሪዎች ዲኑ አንድ አስካሪ፣ ያው ዘበኛቸውን፣ አስከትለው ከተፍ አሉ። ዲኑ በቅርቡ ከናይሮቢ የተዛወሩ ሰው ናቸው። ምዜ ይሉኛል። ሽማግሌ ለማለት ነው፤ ከኔ የሚያንሱም አይመስለኝም።

ተማሪ የጦር መሣሪያ ከያዘ ይባረራል፣ የትም ይደር የት፣ አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ደሜ ፈልቷል።

“ሙዋሊሙ” አልኳቸው፣ መምህር ለማለት፤ “ደንባችሁ አጥራችሁ ድረስ ነው። ግቢው የኔ ነው፣ ክፍሉ ደግሞ የተከራየው ልጅ ነው። እሱ ግቡ ካላለ አይገባም!”

የዚህን ያህል ሕግ አዋቂ መሆኔን እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጋልማ ግን ከውስጥ በሩን ከፈተና “ካሪቡ” ብሎ አስገባቸው። ይኸው ጨዋነቱ!

ዲኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ጩቤዋን ስጠኝና ነገሩ እዚሁ ይለቅ አሉት። ልጁ ዓይኑ እንባ ሞላ።

“ሙዋሊሙ፣ የአባቴ አደራ ናት። አሳልፌ ከሰጠሁ አባቴን ከቤቴ አስወጣሁ ማለት ነው።”

እንግዲያውስ ፈተና አትቀመጥም አሉት። ትምህርቱን ይምረጥ ወይስ አባቱን? እንዲህ ያለ ምርጫ ለልጅ ይሰጣል?

“ለአባትህ ደውል” አልኩት።

ደውሎ በኦሮምኛ አስረዳቸው። አባቱ ሳቁ። ሰውየው ከፈለጉ ይውሰዷት፣ ፈቅጃለሁ፤ እንግዲህ ስመለስ የማርፈው እሳቸው ጋ ነው አሉ። ጋልማ ይህን ሲተረጉም ዲኑ ቀልድ መሰላቸው። “ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም” ብለው ጩቤዋን በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ። ልጁም ፈተናውን ተቀመጠ።

አባትየው ታክመው ሲመለሱ ወንድማቸውንና አንድ ፍየል አስከትለው በቀጥታ ወደ ዲኑ ቤት ሄዱ። የዲኑ ቤት የት ነው? ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ! እዚያ አጥር ውስጥ ደግሞ ማንም፣ ዲን ቢሆን፣ ጩቤ አውጥቶ ለሰው ማስረከብ አይችልም። ደንቡን የሚያስከብሩት እሳቸው፣ ጩቤዋን ቤታቸው አስቀምጠው ደንቡን ሲያፈርሱ የኖሩትም እሳቸው። እንግዶቹን ደግሞ ሳያበሉና ሳያሳድሩ ለማሰናበት አፈሩ። ሰው ናቸው።

አመሻሹ ላይ ዲኑ ሱቄ መጡ። ጋዜጣው ኮታቸው ውስጥ ነው፤ ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌና ፍየል።

“ባዶ ክፍል አለህ?”

አለ አልኩና ከጋልማ ጎን ያለውን ክፍል ቁልፍ ሰጠኋቸው። ተያይዘው ገቡ። የጩቤዋን ርክክብ ማን ያመልጠዋል? እኔም ተከትዬ በሩን ገፋ አደረግኩት።

ዲኑ ጭንቅላታቸውን ብቅ አደረጉ።

“ምዜ፣ የሰው ቤት ሲገባ ይንኳኳል” አሉና ዘጉብኝ።